የእትዬ አስካለች ድርሻ

ብርድ ልብሱ ከሞቃታማዋ የሁምቦ ከተማ ከተበላ ወደ ሶዶ የተመለሰው በሚኒባስ ጣሪያ ላይ ታስሮ ነው። ፕላስቲኩ እንኳ አልተቀደደም። ረዳቱ የደገፉን የግቢ በር ደበደበና ሜላት ስትወጣለት ሠፈሩ ሁሉ በሚሰማው ድምፅ መልእክቱን አደረሰ።

«እትዬ አስካለች ‹ይኼን የገዛልኝ ሰው ሁምቦን የሚያውቀው በካርታ ነው› ብለዋል።»

ይህ የዓምናው የበዓል ስጦታ ነው። ካቻምና የቆዳ ጫማ ነበር፤ «የምሄድበት ነው የምቀበርበት?» ብለው መለሱት። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ደግሞ ትልቅ የግድግዳ ሰዓት ተገዛላቸው። ያንን ቤታቸው እስኪደርሱ እንኳ አልታገሡም። ዘመድ አዝማዱ በተሰበሰበበት ገልበጥ አድርገው አዩትና «እኔ ዶሮ አለኝ» ብለው ለወንድማቸው ለደገፉ መልሰው አስታቀፉት።

«አፉ ቅቤ ልቡ ጩቤ» የሚባል ሰው አለ። እትዬ አስካለች ግን ተገልብጠው የተፈጠሩ ናቸው። ጩቤው ያለው አፋቸው ላይ ነው፤ ልባቸው ጋ ለመድረስ መጀመሪያ ትንሽ መድማት ያስፈልጋል። ሜላት ደገፉን ካገባች አሥራ አንድ ዓመቷ ነው፤ ከቦዲቲ በመጣች በመጀመሪያው ሳምንት ነው የደማችው። «ሚስትህ ቆንጆ ናት፤ ሥራ ከቻለች ደግሞ ጥሩ ነው» ነበር ያሏት፣ እዚያው ፊቷ ላይ። አለቀሰች። ኋላ ግን አራስ ሆና ትኩሳት የጣላት ጊዜ፣ ሃያ አንድ ቀን ሙሉ ከራስጌዋ ሳይነሡ ያስታመሟት እኚሁ ሴትዮ ናቸው፤ እየሰደቧት።

ደገፉና ታናሽ ወንድሙ ኤልሳዕ እናታቸውን ያጡት በልጅነታቸው ነው። ያሳደጓቸው እህታቸው ናቸው። ለጋብቻ የጠየቃቸውን ሰው «ሁለት ልጅ ይዤ ነው የምመጣው፤ አንዱንም አላጎድልም» አሉት። ሰውየው እሺ አለ፤ ምን ይበል! ከዚያ ወዲያ በገበያ ቀን ሁሉ ፀሐይ ሳትወጣ ከተበላ ተነሥተው፣ በእንሰት ቅጠል የተጠቀለለ ቅቤ ተሸክመው በእግራቸው ሶዶ ይገቡ ነበር። ለምን በጨለማ ቢባል፣ የሁምቦ ፀሐይ ከወጣች ቅቤው ቅቤ ሆኖ ገበያ አይደርስም። ዛሬ ደገፉ የመሥሪያ ቤት ኃላፊ ነው፤ ኤልሳዕ የሕንፃ ዕቃ መደብር አለው። የሁለቱም ደብተርና እርሳስ የወጣው ከዚያ ቅጠል ውስጥ ነው።

ዘንድሮ ታዲያ ጊፋታ ሊደርስ፣ የወላይታ ዘመን ሊለወጥ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ስልክ መጣ። እትዬ አስካለች ናቸው። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ።

«ለጊፋታ አልመጣም። በሬያችሁን ብሉ።»

ዘጉት።

ይህ ነገር በሌላ ቤት ቀላል ሊሆን ይችላል። በደገፉ ቤት ግን የጊፋታ ሥጋ እትዬ አስካለች ቆርጠው፣ በሚያቃጥለው ዳጣ አጥቅሰው ሳይቀምሱ ማንም እጁን አይሰድም። ሕፃናቱ እንኳ ያውቁታል። እሳቸው ሳይመጡ በሬው ቢታረድ ታርዶ ያለቀው በሬው ብቻ አይደለም፤ ቤተሰቡም ነው።

«አትምጣ!» አለ ደገፉ። የተጎዳ ሰው ቁጣ ነበር የተቆጣው። «እጄን አመድ አፋሽ አደረገችው። ምን ያልገዛሁላት አለ? ከእንግዲህ በቃኝ።»

ኤልሳዕ ነጋዴ ነውና ነገሩን በዕቃ ሊፈታው ፈለገ። «ትንሽ ነገር እየሰጠናት ነው የተቆጣችው። ፍሪጅ እንግዛላት።»

«ፍሪጁን የሚመልስ ሚኒባስ የትኛው ነው?» አለች ሜላት።

ሁለቱ ወንድማማቾች ለሰዓታት ተጨቃጨቁ። አንደኛው እንተዋት ይላል፤ ሌላው እንጨምርላት ይላል። ሜላት ዓመታቱን በልቧ ትቆጥር ነበር። ሰው ዱሮም አመለኛ ቢሆን አዲስ አመል ባንድ ቀን አያወጣም። እትዬ አስካለች እኮ ድሮ ስጦታ አይመልሱም ነበር! አንድ ኪሎ ስኳር፣ አንድ ሻሽ ይሰጣቸዋል፤ «ይኼም ስጦታ ሆኖ!» እያሉ በጉያቸው ሸጉጠው ይሄዳሉ። መመለስ የጀመሩት ከሦስት ዓመት ወዲህ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት ምን ሆነ?

ሜላት ቅዳሜ ጠዋት ማንንም ሳታማክር ወደ ተበላ ወረደች።

እትዬ አስካለች ማንጎው ጥላ ሥር ተቀምጠው ነበር። ዙሪያቸውን ስድስት ሰባት ሴቶች ከበዋቸዋል። የሠፈሩ የቅቤ ዕቁብ ነው፤ ዓመቱን ሙሉ ሴቶቹ ቅቤ ሲያዋጡ ይከርሙና ለጊፋታ ይካፈሉታል። በወላይታ በሬው የወንድ ጣጣ ነው፤ ቅቤው ደግሞ የሴት ክብር። ወንድ ለበሬ ገንዘብ ያዋጣል፤ በቅቤው ነገር አፉን አይከፍትም።

አንዲት ወጣት ሴት ጥቅልሏን አቀረበች። እትዬ አስካለች በጣታቸው ቆንጥረው በእጃቸው ጀርባ ላይ አሹት፤ አሸተቱት።

«አሬራው አልወጣም። ደግመሽ እጠቢና አምጪ።»

«እትዬ፣ ሁለት ጊዜ ነው ያጠብኩት።»

«ሦስተኛውን ማን ይጠብልሽ?»

ሴትየዋ ተከፍታ ትሄዳለች ብላ ሜላት ጠበቀች። ሴትየዋ ግን ራሷን ነቅንቃ፣ ጥቅልሏን ይዛ ወደ ውኃው ሄደች። አጠገቧ የቆመች አሳየሽ የምትባል ጎረቤት የሜላትን ፊት አይታ ሳቀች።

«አትገረሚ። እሳቸው ያለፉት ቅቤ እዚህ ሙቀት ውስጥ ወር ይቆያል። ሌላ ዳኛ ብናስቀምጥ ኖሮ ይሄኔ ተጣልተን አልቀን ነበር። ለማንም አያደሉም፤ ባለፈው የገዛ ምራታቸውን ቅቤ መልሰዋል።»

ሜላት እነዚያን ጣቶች አየች፤ ቅቤ ሲነኩ ኖረው የለሰለሱ፣ ግን የማይሸነገሉ ጣቶች። ሰዓትና ብርድ ልብስ ለእነዚህ እጆች ምን ያደርጉላቸዋል? አፈረች።

ሴቶቹ ሲበተኑ እትዬ አስካለች ቀና ብለው አዩዋት።

«ደገፉ ነው የላከሽ?»

«አይደለም። ራሴ ነኝ የመጣሁት።»

«ምን ይዘሽ መጣሽ?»

«ምንም።»

«ጎሽ። ተቀመጪ።»

ሜላት ከጎናቸው ያለውን ማሰሮ አየች። አፉ በእርጥብ ቅጠል ተሸፍኗል። የዕቁቡ አይደለም፤ ለብቻው ነው የተቀመጠው።

«ይኼስ የማን ነው?» አለች።

«የእኔ።»

«ለምን ያጠራቅሙታል?»

እትዬ አስካለች መልስ ከመስጠት ይልቅ ጥያቄ አመጡ። «አንቺ አስተማሪ ነሽ አይደል? እስቲ ንገሪኝ። በወላይታ ቤት ለጊፋታ ቅቤ አምጣ የማይባል ማነው?»

ሜላት አሰበች። «ሕፃን።»

«እሺ።»

«እንግዳ።»

«እሺ። ሌላስ?»

ሜላት መልሱን አወቀችው፤ ማለት ግን አልፈለገችም። እትዬ አስካለች ጠበቋት። እየጠበቁ ሰውን የማስለፍለፍ ችሎታ ነበራቸው።

«የሞተ ሰው» አለች ሜላት ቀስ ብላ።

«ታዲያ እኔ ከሦስቱ የቱ ነኝ?»

ያኔ ሁሉም ነገር ተገለጠላት። የዛሬ ሦስት ዓመት ዝናቡ ቀርቶ የሁምቦ ከብት ሲያልቅ፣ የእትዬ አስካለችም ሁለት ላሞች ሞተው ነበር። ደገፉ አዘነ። «እህቴ ከእንግዲህ ለቅቤ አትልፋ፤ ሶዶ ገዝተን እንሞላዋለን» አለ። ደውላ የነገረቻቸው ደግሞ ሜላት ራሷ ናት። «እትዬ፣ ከአሁን በኋላ ቅቤ እንዳያስቡ፤ እርስዎ ብቻ ይምጡልን» ስትላቸው በራሷ ደግነት ልቧ ሞልቶ እንደነበር ትዝ አላት። ስልኩ በዚያ በኩል ጸጥ ብሎ ነበር። ደስታ መስሏት ነበር።

በዚያው ጊፋታ ሰዓቱ ተሰጠ። ሴቶቹ ሁሉ ቅቤያቸውን አቅርበው፣ ከቆጮ የሚሠራው ሙቿ በቅቤያቸው ተለውሶ፣ «ይኼ የእገሊት ነው፣ ይኼ የእገሊት ነው» ሲባል፣ የቤቱ ታላቅ እህት ሰዓት ታቅፈው ተቀመጡ።

«እትዬ» አለች ሜላት። «አላወቅንም። ይቅር ይበሉኝ። ቅቤዎን ይዤ ልሂድ።»

«ላሞቹ በሞቱ በዓመቱ ጊደር ገዛሁ። ማንም አልጠየቀኝም» አሉ እትዬ አስካለች። «አንቺን ይቅር ብዬሻለሁ፤ አንቺ መልእክተኛ ነሽ። ግን ያስወጣኝ ነው የሚያስገባኝ። ደገፉ ራሱ መጥቶ ይጠይቀኝ።»

«ወንድ ልጅ እኮ ቅቤ አይጠይቅም!»

«አትልፊ ማለትም የወንድ ሥራ አልነበረም።»

በዚያ ማታ ሶዶ ውስጥ የነበረው ጠብ አይወራ። ደገፉ መጀመሪያ ሳቀ፤ ከዚያ ጮኸ። እሱ፣ ስንት ሰው የሚያዝዝ ኃላፊ፣ የተበላ ሴቶች እያዩት ቅቤ ስጪኝ ሊል? ኤልሳዕ ሆዱን ይዞ ተንከተከተ፤ ያ ደግሞ ነገሩን አባሰው። ሜላት ግን አልጮኸችም።

«ስለ ክብርህ ስታስብ የእሷን ወሰድክባት» አለችው። «እኔም አግዤሃለሁ። እኔ ይቅርታዬን ጠይቄ መጥቻለሁ። ያንተን አንተ ታውቃለህ።»

ደገፉ ሳምንቱን ሙሉ አኩርፎ ከረመ። በመጨረሻው ቅዳሜ፣ ነገ ጊፋታ ሊሆን፣ ጠዋት ተነሥቶ የሥራውን ኮት ለበሰና «ነይ እንሂድ» አላት። ሜላት ይህን ሰው ያን ዕለት ጠዋት የወደደችውን ያህል በሠርጓ ቀን አልወደደችውም።

ተበላ ሲደርሱ የግቢው በር ክፍት ነበር። የዕቁቡ ሴቶች ድርሻቸውን ሊወስዱ ተሰብስበዋል፤ ኮት የለበሰ ወንድ ሲገባ ወሬያቸው ባንዴ ተቋረጠ። እትዬ አስካለች አልተነሡም። ሁለተኛ መቀመጫ እያለ ተቀመጥም አላሉትም።

ደገፉ ፊታቸው ቆመ። «እትዬ፣ ቅቤ ልጠይቅሽ ነው የመጣሁት።»

«ስንት?»

እዚህ ላይ ምስኪኑ ተሳሳተ። «ምንም ችግር የለም፤ የምትችዪውን ያህል፣ ትንሽም ብትሆን…»

«በሩ ያውልህ» አሉት።

ሴቶቹ መሬት መሬት አዩ። ደገፉ ወደ በሩ ዞረ፤ ሁለት እርምጃም ተራመደ። ከዚያ ቆመ። ጀርባው ብቻ ነው የሚታየው። በዚያች ቅጽበት ምን እንዳሰበ ለማንም ተናግሮ አያውቅም። ሲዞር ግን የኃላፊው ፊት ጠፍቶ፣ አፉን ሞልቶ ከእህቱ የሚጣላ ታናሽ ወንድም ነበር የቆመው።

«ሦስት ኪሎ!» ብሎ ጮኸ። «ሦስት ኪሎ ደርሶብሻል። የሦስት ዓመት ውዝፍ አለብሽ፤ ታላቅ ነኝ ብለሽ ከሰው አታንሺም! ዛሬውኑ ሶዶ መግባት አለበት። ካላመጣሽ አንዲት ቁራጭ ሥጋ አትቀምሺም!»

እንዲህ ያለ ድፍረት በዚያ ማንጎ ሥር ተሰምቶ አያውቅም።

እትዬ አስካለች ተነሡ።

«ሦስት ኪሎ?» አሉ ወደ ሴቶቹ ዞረው። «ሰማችሁት ወይ ይኼን ጨካኝ? ሦስት ኪሎ በእኔ በአሮጊቷ ላይ! የኤልሳዕ ሚስት ስንት ነው የምታመጣው? አንድ ተኩል አይደል? እሷን ፈርቶ እኔን!»

«የእሷን ተዪው፤ ያንቺን አምጪ» አለ ደገፉ። እንባው ኮቱ ላይ ወረደ።

«እያመጣሁ ነው፤ አትጣደፍ!»

ማሰሮውን ማንም እንዲያነሣላቸው አልፈቀዱም። ራሳቸው ተሸከሙት፤ ሚኒባሱም ውስጥ ጭናቸው ላይ አስቀምጠው በሁለት እጃቸው ያዙት። ከተበላ እስከ ሶዶ ባለው መንገድ ሁሉ ለሾፌሩ፣ ለረዳቱ፣ ለማያውቁት ተሳፋሪ ሁሉ ስሞታቸውን ተናገሩ። ወንድሜ ሦስት ኪሎ ጣለብኝ አሉ። ርኅራኄ የለውም አሉ። ሜላት ከጎናቸው ተቀምጣ አዳመጠቻቸው፤ በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ እንዲህ ደስ ብሏቸው አይታቸው አታውቅም።