ፍትሐቱ በማን ስም ነበር?

«እትዬ፣ ይቺን ልጅ ያውቋታል? ከአረርቲ ነው የመጣሁት ትላለች» አለች ጎረቤታቸው ሥርጉት፣ ከድንኳኑ ደጃፍ የቆመችውን ወጣት እየጠቆመች። ሥርጉት ልቅሶ ቤትም ቢሆን ወሬ አያመልጣትም።

ወይዘሮ አስካለማርያም ቀና አሉ። ልጅቷን አይተዋት አያውቁም። ግንባሯን ግን አወቁት፤ ትናንት አልቅሰው የቀበሩት ሰው ግንባር ነው።

«ለጤፍ ንግድ አንኮበር የመጣ ያገራችን ሰው ቀብሩ ላይ ፎቶውን አይቶ ደወለልኝ» አለች ልጅቷ አጠገባቸው ተንበርክካ። «ሰርካለም እባላለሁ። ይሁኔ የሚባል ወንድም ነበረኝ፤ ዘምቶ ቀረብን።»

ሰርካለም። ይህን ስም ያውቁታል።

ጦርነቱ ካበቃ በኋላ፣ ደብረ ብርሃን መጠለያ ውስጥ ስሙን እንኳ የማያስታውስ ቁስለኛ ወታደር አለ ሲባል ሰምተው ሄደው ነበር። ቁመቱም ፍንጭት ጥርሱም ዘምቶ የቀረው ልጃቸው የሰይፈሥላሴ ነው። ጠባቂው «እማማ፣ ሌላም ቤተሰብ ሊመጣ ይችላል፤ ትንሽ ይታገሱ» ቢላቸው፣ «የወለድኩትን ልጅ አላውቅም?» ብለው ጮኹበት። ያኔ እውነታቸውን ነበር። ቤት ወስደው ገላውን ሲያጥቡት ግን ጀርባው ላይ ምንም የለም። ሰይፈሥላሴ በሕፃንነቱ የፈላ ውኃ ተደፍቶበት ጀርባው ጠባሳ ነበር። ሸሚዙን አልብሰው ዝም አሉ። እሱም «እማዬ» ይላቸው ጀመር፤ በዚህ ቃል የማትሸነፍ እናት ካለች ትፍረድባቸው።

አንድ ቀን ገብስ ሲያበጥሩ፣ «ሰርካለም ማናት?» ብሎ ጠየቃቸው። ከሰፌዱ ቀና ሳይሉ፣ «ስትታመም ያስታመመችህ ነርስ ትሆናለች» አሉት። አመናቸው። የራስ ቁስሉ አገርሽቶ እስኪገድለው ድረስ ስሟን ደግሞ አላነሳም።

«እናትሽስ?» ሲሉ ጠየቁ አሁን፣ መልሱን እየፈሩ።

«ጥቅምት ላይ አረፈች። መኪና በቆመ ቁጥር እየወጣች ታይ ነበር። እኛ ተስፋ ቆርጠን ስንተው እንኳ እሷ አልተወችም።»

ወይዘሮ አስካለማርያም አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። መጠለያው ሰው ልኮ፣ ሰርካለም የምትባል መጥታ እንደሆነ ማስጠየቅ ምን ያቅት ነበር? አንድ ጊዜ ብቻ፣ ያቺ እናት ሳትሞት!

ሰርካለም ድምጿን ዝቅ አደረገች። «እትዬ፣ አስታመውታል፤ አልቅሰው ቀብረውታል። አልወቅስዎትም። አንድ ነገር ብቻ ይንገሩኝ። ፍትሐቱ በማን ስም ነበር? የወንድሜ የክርስትና ስም ኪዳነ ወልድ ነው።»

ለቄሱ የሰጡት ስም ገብረአማኑኤል ነበር፤ የሰይፈሥላሴ የክርስትና ስም። ይሁኔ ስሙ ሳይጠራ አፈር ገብቷል፤ መኖሩም መሞቱም ያልታወቀ ልጃቸው ደግሞ የሙት ጸሎት ተጸልዮለታል። ስሙን ዛሬ ቢያሳርሙ ሰይፈሥላሴ እንደገና የጠፋ ልጅ ሊሆን ነው። መቃብር የሌለው፣ አልቅሰው የማይጨርሱት። ይህን ከየት ባመጡት ጉልበት ይችሉታል?

ቄስ ወልደኪዳን ለማታው ጸሎት ገቡ። «ለነገው ሣልስት ካህናቱን ነግሬያለሁ። ያው በገብረአማኑኤል ስም ነው አይደል?»

ሰርካለም አቀረቀረች።

«አይደለም አባቴ» አሉ ወይዘሮ አስካለማርያም። «ኪዳነ ወልድ ነው። ሟቹ የኔ ልጅ አልነበረም፤ እያወቅሁ ነው የደበቅሁት። ፍትሐቱ በስሙ እንደገና ይደረግለት።»

ድንኳኑ ውስጥ ንፍሮ የሚቆረጥም ሁሉ ወደ እሳቸው ዞረ። 

ወይዘሮ አስካለማርያም ጉልበታቸውን ይዘው ተነሡ። ሰርካለምን በክንዷ ደግፈው፣ እሳቸው በተነሡበት በሐዘንተኛዋ ፍራሽ ላይ አስቀመጧት። ከፊቷ ጎንበስ ብለው «እግዚአብሔር ያጽናሽ» አሏት፤ ከዚያም ለልቅሶ የመጣው እንግዳ ወደሚቀመጥበት አግዳሚ ሄደው ጫፉ ላይ ተቀመጡ።