የነገሳ አውራ ጣት

ነገሳ ቶላ ግንድ ወገቡ ላይ ከተንከባለለበት ቀን ጀምሮ አምስት ወር ከመደቡ አልራቀም። ቀበና ወንዝ ዳር ካለው ጣውላ መሰንጠቂያ በቃሬዛ ወጥቶ፣ ሐኪም ቤት ሰንብቶ፣ ከየካ በላይ እንጦጦ ወገብ ላይ ወዳለችው ጎጆው ሲመለስ ሐኪሙ አንድ ወረቀት አስይዞታል፤ ይህ ሰው ከእንግዲህ ሸክም አይችልም የሚል። ግንድ ከመሸከም ሌላ ሙያ ለሌለው ሰው ይኼ ሞት ነው። የቀረችው ተስፋ መሰንጠቂያው የሚሰጠው ካሳ ነበረች። ካሳው ከተገኘ ሁለት ላም ገዝቶ ሚስቱ ጂቱ ወተት ከተማ እያወረደች ትሸጣለች። ካልተገኘ ልጆቹን ይዞ የቤተ ክርስቲያን ደጅ መቀመጥ ነው።

በእነዚህ አምስት ወራት ጎረቤቱ ሂርጳ ባይኖር ምን ይውጠው ነበር? ሂርጳ እንጨት ይፈልጥለታል፣ ውሃ ያስመጣለታል፣ ራስጌው ተቀምጦ ያጫውተዋል። እያደር ግን ጨዋታው ጥያቄ በዛበት። «ግንዱ በየት ጎንህ መጣ? ሐኪሙ የቱን አጥንት ነው ያለህ? ስትራመድ የትኛውን እግርህን ትጎትታለህ?» ነገሳ ደስ እያለው ይመልሳል፤ በሽተኛ ስለ ሕመሙ የሚጠይቀው ካገኘ ሌላ ምን ይፈልጋል! ሂርጳ የሐኪሙን ወረቀትና የሥራ ካርዱን «ጣራችሁ ያፈሳል፣ እኔ ዘንድ ይቀመጥ» ሲለውም መርቆ ሰጠው።

ሂርጳ ውለታ ሲውልለት የመጀመሪያው አልነበረም። ከሦስት ዓመት በፊት፣ መሰንጠቂያው ሠራተኛ በሚመዘግብበት ጠዋት፣ የነገሳ አጎት ሞቱ። የአጎቱን አስከሬን ጥሎ ሥራ ፍለጋ የሚወርድ ሰው በዚያ ሰፈር ምን ተብሎ እንደሚነሣ የታወቀ ነው። ስለዚህ ሂርጳ ወረደለት። «ነገሳ ቶላ» ሲባል «አቤት» አለ፤ የግራ አውራ ጣቱንም ቀለም አስነክቶ መዝገቡ ላይ አሳረፈ። በሣልስቱ ነገሳ ራሱ ሄዶ ሥራውን ያዘ። አንተ ማነህ ያለው አልነበረም። ግማሹ ሠራተኛ የገባው እንደዚያው ነው፤ ለቅሶ የዋለው በወንድሙ ጣት፣ አጨዳ ላይ የነበረው በአማቹ ጣት።

የመሰንጠቂያው ጸሐፊ አቶ ፀሐዬ የሠራተኛውን ስም እንጂ መልኩን አይለዩም፤ ይህንም አያውቁም። እሳቸው የሚያውቁት ከሦስት ወር በፊት የደረሰባቸውን ውርደት ነው። አንድ አጭበርባሪ ሁለት ምስክር አስምሎ የሟች ሠራተኛን ካሳ በሟቹ ስም ወስዶ ተሰወረ። ከዚያ ወዲህ «ከእንግዲህ የማምነው ጣት ብቻ ነው» አሉና ምስክር የሚባል ነገር ቀረ፤ ካሳ የሚሰጠው በቅጥሩ ዕለት የተቀመጠው አሻራ በማጉያ መነጽር ታይቶ ሲገጥም ብቻ ሆነ። በዚህ ደንብ የኮሩትን ያህል በልጆቻቸው አልኮሩም። ነገሳ ተኝቶ ስለነበር ደንቡን አልሰማም። ሂርጳ ግን ሰምቷል።

ካሳ የሚሰጥበት ሐሙስ ደረሰ። ነገሳ በበትሩ እየተደገፈ ወረቀቱን ሊወስድ ሂርጳ ቤት ሲደርስ የሂርጳ ሚስት ዲንቄ በሩን ገርበብ አድርጋ፣ ዐይኑን ሳታይ፣ «በጠዋት ወርዷል» አለችው።

«ወረቀታችንን ይዞ ለምን ብቻውን ወረደ?» አለች አብራው የመጣችው ጂቱ።

«ወረፋ ሊይዝልኝ ነዋ! አንቺ ደግሞ ሰው መጠርጠር አይታክትሽም?» ተቆጣት።

ጭጋጉ ባሕር ዛፎቹን ከወገባቸው በላይ ውጧቸዋል። ሌላ ቀን እንጨት ለቃሚ የማይጠፋበት ቁልቁለት ያን ዕለት ጭር ብሏል። ጂቱ ጭቃው ላይ አቀርቅራ ስትሄድ ድንገት ቆመች። ወደ ታች የወረደ አዲስ የሰው ዱካ አለ፤ ከዱካው ጎን በየእርምጃው የበትር ጫፍ የወጋው ቀዳዳ።

«ሂርጳ ከመቼ ወዲህ ነው በትር የሚይዘው?»

ነገሳ በበትሩ እየተደገፈ አልፏት ወረደ። ወገቡ ያማል፤ ደግሞም መልሱ ምን እንደሆነ ማሰብ ፈራ።

መሰንጠቂያው ሲደርሱ አቶ ፀሐዬ መስኮታቸውን ከፍተው ስም እየጠሩ ነበር። «ነገሳ ቶላ!»

«አቤት፣ ጌታዬ» አለ ሂርጳ ከሰልፉ መካከል።

ነገሳ ደስ አለው። ይኸው፣ ወረፋ ይዞልኛል! ፈገግ ብሎ ሊጠጋ ሲል ግን ሂርጳ ጎብጦ፣ በበትር ተደግፎ፣ ግራ እግሩን እየጎተተ ወደ መስኮቱ ሲራመድ አየ። የገዛ አረማመዱን ነው ያየው።

ጸሐፊው የሐኪሙን ወረቀት አነበቡ፤ ጣቱን አሳረፉ፤ በመነጽራቸው አስተያዩ። «ገጥሟል።»

«ጌታዬ፣ ነገሳ እኔ ነኝ!» ጮኸ ነገሳ። «ሀሚድ፣ አንተ ታውቀኛለህ፣ ንገራቸው እንጂ!»

ሀሚድ አብሮት ግንድ የተሸከመ፣ ሦስት ጣቱን ለመጋዝ የሰጠ ሰው ነው። አፉን ከፈተ። ከዚያ መዝገቡን አየና ዘጋው፤ እሱም የገባው በአጎቱ ልጅ ጣት ነበር። ከሰልፉ ሌላም የተናገረ የለም፤ ሁሉም መሬት መሬቱን አየ።

«ምስክር አልሰማም» አሉ አቶ ፀሐዬ። «ጣትህን አምጣ።»

አሳረፈ። አልገጠመም።

«አይገጥምማ! ያ ጣት የእሱ ነው! ያን ዕለት እኔ ለቅሶ ላይ ነበርኩ፣ ጣቱን ያሳረፈው እሱ ነው፤ በማርያም እምላለሁ፣ የእሱ ነው!»

አቶ ፀሐዬ ወንበራቸውን ደገፍ ብለው በእርካታ ተመለከቱት። «ሰማችሁ? ጣቱ የእሱ እንደሆነ በገዛ አፉ አመነ።»

ጂቱ «ባሌ ነው! ነገሳ ነው!» እያለች መስኮቱን ስትደበድብ «ሚስትማ ምን ልትል ኖሯል» ብለው ከመሳቢያቸው አንድ አዲስ መዝገብ አወጡ። በሰው ስም የሚመጡ አጭበርባሪዎች የሚገቡበት ነው። «የዚህ ሰው ስሙ ማነው?» ሲሉ ሂርጳን ጠየቁት።

ሂርጳ ነገሳን አየው። እንባ አቅርሮ ነበር፤ ለማን እንደሆነ እሱ ያውቃል። «ሂርጳ ይባላል፣ ጌታዬ። ጎረቤቴ ነው። ከታመመ ወዲህ ራሱን አያውቅም። ለፖሊስ አይስጡት፣ ለእኔ ብለው ይማሩት።»

«ምን ያለህ ደግ ሰው ነህ!» አሉ ጸሐፊው ልባቸው ተነክቶ። «ስለ አንተ ምሬዋለሁ።»

ዘበኛው የነገሳን ግራ እጅ ይዞ አውራ ጣቱን ቀለም ውስጥ ነከረና መዝገቡ ላይ ጫነው። ነገሳ አልታገለም፤ ወገቡ አያታግለውም። አቶ ፀሐዬ ከአሻራው ሥር በዚያ በሚያምር ጽሕፈታቸው አንድ ስም ጻፉ፤ ቀለሙን እፍ ብለው አደረቁት።

ነገሳ ማንበብ አይችልም። «ምን ብለው ነው የጻፉኝ?» አለ።

ዘበኛው ወደ በሩ እየገፋው «ስምህን ነዋ፣ ሂርጳ» አለው።