ሐይቁ ላይ አቆይልኝ

ልጆቼ፣ ያኔ አዋሳ ነበር የምንላት፤ ዘመኑም የደርግ ነው። እኔ ሐይቁ ዳር ባለ አንድ የመንግሥት ሆቴል ጀልባ ቀዛፊ ነበርኩ። ትምህርቴ ከመሠረተ ትምህርት ያገኘሁት ፊደል ነው፤ እሱም ለደመወዝ መፈረሚያ አላነሰኝም።

መስከረም ሲጠባ ሐይቁን ማየት ነው። ዝናቡ ያባራል፣ ውሃው ይሞላል፣ ታቦር ተራራም አረንጓዴ ይለብሳል። እንግዳ የሚጎርፈው ያን ጊዜ ነው። በሰባ ሰባት ዓመተ ምሕረት፣ አሥረኛው የአብዮት በዓል እንዳለፈ፣ ከናዝሬት ወዲያ ካለው በረሃ፣ ከአንድ ጥጥ መዳመጫ፣ ሃያ ሁለት ኮከብ ሠራተኞች መጡ። ሽልማታቸው ስድስት ቀን መዝናናት ነው። መዝናናቱ ታዲያ በፕሮግራም ነው፤ መመገቢያ አዳራሹ በር ላይ በጠመኔ ተጽፏል። ማክሰኞ ታቦር መውጣት፣ ረቡዕ ጀልባና ጉማሬ፣ ሐሙስ ወንዶ ገነት ፍል ውሃ፣ ዓርብ ውይይት። መቅረት የለም። ራሱን ያመመው እንኳ "ተራራው አየር አለው ጓድ፣ ይሻልሃል" ይባላል።

መሪያቸው ጓድ በኃይሉ ነው፤ ጉሮሮውን ሳይጠርግ የማይናገር ረጅም ሰውዬ። የሃያ ሁለቱም የጉዞ ፈቃድ አንድ ወረቀት ላይ ነው የተጻፈው፣ ወረቀቱም እሱ ደረት ኪስ ውስጥ ነው። ያኔ ያለ ወረቀት ከከተማ ከተማ አይኬድም። ኬላው ላይ ይቆጥራሉ። ሃያ ሁለት ገብቶ ሃያ አንድ ከወጣ፣ አንዱን የት አደረስከው ነው።

ማክሰኞ ከሰዓት ጀልባዬን ሳጥብ መጣ።

"ጓድ ባዬ፣ እህተማርያምን ታውቃታለህ?"

"ያቺ ቀጭኗ? ስልክ ስልክ የምትለዋ?"

"እሷ። እናቷ ዛሬ ጎህ ሲቀድ አረፉ። ሲደወል ስልኩን ያነሳሁት እኔ ነኝ። እሷ አልሰማችም።" ጉሮሮውን ጠረገ። "ስንነሳ አሟቸው ነበር። አልሄድም ብላ ነበር። የአብዮት ሽልማት እምቢ አይባልም ብዬ ያመጣኋት እኔ ነኝ።"

"ነፍሳቸውን ይማር። ታዲያ አትልካትም? ነገ ብትነሳ ለሠልስቱ ትደርሳለች።"

"በምን ወረቀት? መኪናውስ ቅዳሜ አይደል የሚመጣው? ደግሞ መርዶ እንዲህ ይነገራል? በሰው አገር፣ ያለ ዘመድ? ቅዳሜ ሌሊት ተነስተን ሲነጋጋ ደጃፏ አደርሳታለሁ። ጎረቤት ተሰብስቦ በወጉ ያረዳታል። እስከዚያ ስልኩ አጠገብ እንዳትደርስ። ነገ ሙሉ ቀን ሐይቁ ላይ አቆይልኝ።"

እኔም፣ ልጆቼ፣ ልክ ነው አልኩ። መርዶ ሲነጋ ነው የሚነገረው፣ ብዙ ሰው ሆኖ፣ የሚደግፍ ክንድ ግራና ቀኝ ቆሞ። እስከዚያ ድረስ ደብቆ ማቆየት ፍቅር ነው ብለን ነው ያደግነው። እሺ አልኩት።

ረቡዕ ጠዋት አራት ሆነው ተሳፈሩ። ጉማሬ አየን፣ ወፍ አየን። ሆቴሉ ውስጥ ከእህተማርያም ጋር አንድ ክፍል የምታድረው ፅጌ፣ ነገሩ ተነግሯት፣ ቀኑን ሙሉ አብራት ልትውል ነበር፤ ግን በየመሃሉ ፊቷን ወደ ውሃው ታዞራለች። ኋላ ሆዴን አመመኝ አለች። ሆዷ እንዳልሆነ፣ እንባዋ እንደሆነ አውቄያለሁ፤ ወደ ዳር መለስኳቸው። ሌሎቹ ሁለቱ ፅጌን ደግፈው ወረዱ። እህተማርያም ልትወርድ ስትነሳ እኔ ከዳር ገፋ አድርጌ ቀዘፍኩ።

"ጋሽ ባዬ፣ እኔስ?"

"አንቺማ ገና መቼ አየሽና።"

ዞርን። ደግሞ ዞርን። ፀሐይዋ ከረረች።

"ጋሽ ባዬ፣ ይህን ዋርካ ሦስተኛ ጊዜ ነው የምናየው።"

"ወፎቹ ይለያያሉ።"

"ጉማሬው ግን ያው ነው።"

"ይሄኛው ወንድሙ ነው።"

ትስቃለች ብዬ ነበር። አልሳቀችም። "ወደ ዳር ይመልሱኝ፣ ስልክ ልደውል። እናቴን አሟት ነው የመጣሁት።"

"ስልኩ ተበላሽቷል።"

"ማን ነገረዎ? ከጠዋት ጀምሮ እዚህ ውሃ ላይ ነዎት።"

እጄ መቅዘፊያው ላይ ቆመ። እሷም ነጠላዋን ሰብሰብ አድርጋ ዓይን ዓይኔን አየችኝ።

"ጋሽ ባዬ፣ ማን ነው የሞተብኝ?"

"ምን ትያለሽ አንቺ ልጅ! በመስከረም፣ በእንቁጣጣሽ ሰሞን..."

"ማታ ትልቁ ቆሮሶ ዓሣ ለኔ ወጣ። ጠዋት ፅጌ ሳልጠይቃት ፀጉርሽን ልሥራሽ አለችኝ። ጓድ በኃይሉ በሦስት ዓመት አንድ ቀን በደግ ጠርቶኝ አያውቅም፤ ዛሬ 'እህቴ፣ ብርድ እንዳይመታሽ' አለኝ። እኔም ሰው አቆይቼ አውቃለሁ እኮ። ጎረቤታችን ወንድሟ የሞተባት ጊዜ ሁለት ቀን በጨዋታ የያዝኳት እኔ ነኝ። ትልቁን ሥጋ ያጎረስኳትም እኔ ነኝ።"

ምን ልበል? ወዴት ልሂድ? ምድር ላይ ቢሆን ሰው ጠራኝ ብዬ እነሳ ነበር። ዙሪያው ውሃ ነው። ብናገር፣ አንድ ወንድ ብቻውን፣ ጀልባ ላይ፣ በጠራራ ፀሐይ መርዶ ተናገረ ይባላል። ራሷንስ ውሃ ውስጥ ብትወረውር? መቅዘፊያዬን ትቼ ወደ እሷ ጠጋ አልኩ።

"እንዳልዘል ፈርተው ነው? አልዘልም። አንድ ነገር ብቻ ይንገሩኝ። ሠልስቱ መቼ ነው?"

"ነገ" አልኩ።

ከአፌ ነው ያመለጠው። ካመለጠ በኋላ አወቅሁት። ዝም ልል የፈለግሁትን ሁሉ በዚያች ቃል ተናገርኩት፤ ማን እንደሆነ እንኳ አልጠየቀችኝም። ጩኸቱ ጉሮሮዋ ድረስ መጣና ነጠላዋን ነክሳ መለሰችው። ጀልባው ወለል ላይ ተቀመጠች።

"አልቅሺ ልጄ፣ አልቅሺ" አልኳት።

"እዚህ አላለቅስም" አለች በነጠላዋ ውስጥ። "ለማን? ለጉማሬው? ሰው የለኝም እዚህ።"

ጀልባውን ወደ ሆቴሉ አላዞርኩትም። ወደ አሞራ ገደል ቀዘፍኩ፤ ባለቤቴ ሮማን እዚያ ለዓሣ አጥማጆቹ ማኅበር ዓሣ ትመዝናለች። ከሩቅ "ሮማን! ሰው ሰብስቢ!" ብዬ ስጮህ መርዶ መሆኑ በድምፄ ገባት፤ ዳር ስደርስም እናቷ ናቸው አልኳት። ሴቶቹ ቢላዋቸውን ጣሉ፤ እጃቸው ላይ ቅርፊቱ እንዳለ መጡና ከበቧት። አንድ የሲዳማ ሽማግሌ፣ መረቡን ሲጠግን የነበረ፣ ኮፍያውን አወለቀ።

"እናትሽ ስማቸው ማን ነው የኔ ልጅ?" አለቻት ሮማን።

"ከበቡሽ።"

"እማማ ከበቡሽን! እማማ ከበቡሽን!" ብለው ሴቶቹ አለቀሱላቸው፣ አይተዋቸው የማያውቁትን ሴትዮ። እህተማርያም ያን ጊዜ ነው የጮኸችው። ግራና ቀኝ ያዟት። ወፎቹ ሁሉ ከዳር ተነሱ።

የማኅበሩ ዓሣ መኪና ወደ አዲስ አበባ ሊወጣ ነበር። ሾፌሩ ኃይለሚካኤል ነገሩ ሲነገረው አንገቱን ነቀነቀ።

"ወረቀቴ 'ሾፌርና ዓሣ መዛኝ ሮማን' ነው የሚለው። ሌላ ሰው ከጫንኩ እኔም እዚያው ኬላ እቀራለሁ።"

"ታዲያ ሮማንን ጫን" አለች ባለቤቴ። ዓሣ ዓሣ የሚሸተውን ሽርጧን ፈትታ እህተማርያም ላይ አሠረችላት። ፊቷንም በሐይቁ ውሃ አጠበቻት። "ስሚኝ እህቴ፣ እስከ ሞጆ ሮማን ነሽ። ዓሣ ስንት ነው ቢሉሽ አምባዛው ረክሷል በይ። እንዳታለቅሺ። የሚያለቅስ ዓሣ መዛኝ የለም።"

እህተማርያም እሺ አለች። ከንፈሯን ጥብቅ አድርጋ ጋቢናው ውስጥ ስትቀመጥ ያየሁት ፊት እስከ ዛሬ አይጠፋኝም። ሮማንም የሄደች ሆና ቤት ልትደበቅ በጓሮ በኩል ሄደች።

እኔ ጀልባውን መመለስ ነበረብኝ። ጓድ በኃይሉ ከሩቅ ይታየኛል፣ የጀልባ ማቆሚያው ላይ ቆሟል። መቼም በሕይወቴ እንደዚያን ቀን ቀስ ብዬ ቀዝፌ አላውቅም።

"የታለች?"

"መርዶዋን ሰማች። ሄደች።"

"በቀትር? ውሃ ላይ? አንተ ሰው፣ እናት የወለደችህ አይደለህም?" እጁን አነሳ፤ ከዚያ አወረደው። ጉሮሮውን ሊጠርግ ሞከረ፣ አልሆነለትም። "ሰው ነበራት ስታለቅስ?"

"ነበራት።"

"በምን ሄደች?"

"እኔ እንጃ። በእግሯ ነው የወጣችው።"

"ቅዳሜ ኬላው ላይ ምን እላለሁ? ንገረኝ እስቲ፣ ምን እላለሁ?"

ራሱ ይዞኝ ቀበሌ ሄደ፤ አልፈርድበትም። የታሰርኩበት ክፍል አንድ መስኮት ነበረው፣ ከመዳፍ የማይሰፋ። በእግሯ ወጣች አልኩ፤ ከዚያ ሌላ አልጨመርኩም። የፈራሁት ለሮማን ነበር። ቤት ፈትሸው ቢያገኟት፣ እዚህም ያለች፣ በኬላም ያለፈች አንዲት ሮማን ልትሆን ነው።

ዓርብ ከውይይቱ ሾልካ ፅጌ መስኮቱ ሥር መጣች።

"ጋሽ ባዬ፣ ይሰሙኛል? ደውለን ነበር። ሠልስቱ ላይ ደርሳለች። ሽርጡን እንኳ ሳታወልቅ ድንኳኑ ውስጥ ገባች አሉ።"

"ኬላውስ?"

"አምባዛው ረክሷል ብላ አለፈች።" ድምጿ ሳቅ ይሁን ልቅሶ አልለይ ብሎኝ ወደ መስኮቱ አንጋጠጥኩ። እሷም ሮጠች።

እኔን ከመስቀል በኋላ ፈቱኝ፤ ጀልባዋን ግን ለሌላ ሰው ሰጧት። ጓድ በኃይሉ ግን፣ ልጆቼ፣ ያን ቅዳሜ ሃያ አንድ ሰው ይዞ ኬላውን እንዴት እንዳለፈ፣ አልፎ እንደሆነም፣ የነገረኝ የለም።