አማት ፊት የቀረ ጨዋታ

ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥ አለ ስንጥር ይባላል። እኔ መምህሩ ዘርአብሩክ ደግሞ ገንፎውን ሳላይ የምጠረጥር ሰው ነኝ። የጋምቤላ ቴኒስ ተጫዋቾች ዳኝነቱን ለእኔ የተዉት ለዚህ ይመስለኛል።

የዚያን ቀን ቢየልና ጎኝ ተገናኙ። ያሸነፈ ክልሉን ወክሎ አዲስ አበባ ይሄዳል፤ ቦታው ለአንድ ሰው ብቻ ነው። ቢየል በሰፊው ይመራል። ጎኝ እየተሸነፈ ፈገግ ይላል፣ በር በሩን ያያል። አልወደድኩትም።

በመሃል ቢየል ሊለጋ ኳሷን ወደ ላይ ወረወረና ሳይመታት ተዋት። ራኬቱን ጥሎ ሮጦ ከልብስ መቀየሪያው ክፍል ጀርባ ተሸሸገ።

"ቢየል! ተመለስ!" አልኩ። ደግሜ አስጠነቀቅሁት፤ አልወጣም።

እያሸነፈ የሚሮጥ ማን አለ? ደሜ ፈላ። ተነስቼ፣ "ቢየል ጨዋታውን ሸጧል! ከስፖርት ጨዋነት ውጭ በሆነ ድርጊት ከውድድሩ ተሰናብቷል!" ብዬ ጮህኩ።

ገና አሁን ገብተው ከፊት ወንበር የተቀመጡ አንዲት እናት ይህን ሲሰሙ ተነሱ። ፊታቸውን በልብሳቸው ሸፍነው ግቢውን ለቀው ወጡ።

የመስመር ዳኛው ኦጅዋክ ወደ እኔ መጣ። "ቲቸር፣ ቢየል አልሸጠም። አሁን የወጡት ኛሊየፕ ናቸው፣ የሚያገባት ልጅ እናት። ኑዌር አማቱ ፊት በቁምጣ አይቆምም። ከቆመ ንቋቸዋል ማለት ነው፤ ጋብቻው ይፈርሳል።"

ወደ ጎኝ ዞርኩ። እሱም ኑዌር ነው።

"ማን ጠራቸው?"

"እኔ። ቢየል ጀዊ መጠለያ ጣቢያ ሄዷል፣ አይጫወትም አልኳቸው።" ትከሻውን ነቀነቀ። "ሰው መጋበዝ በሕግ ይከለከላል እንዴ ቲቸር?"

"ዛሬ ይከለከላል! አንተም ተሰናብተሃል!"

ጉዳዩን ያቃናሁ መስሎኝ ደስ አለኝ። ቢየልን ከክፍሉ ጀርባ ሱሪ ለብሶ፣ ግድግዳውን ተደግፎ አገኘሁት።

"ውሳኔዬን አንስቻለሁ። አዲስ አበባ የምትሄደው አንተ ነህ።"

ደስ ያለው አይመስልም። "እማማ የት ናቸው?"

"ሄደዋል።"

"መቼ? ሸጧል ስትል እዚያ ነበሩ?"

አንገቴን ደፋሁ።

"እንዳያፍሩብኝ ነበር የሮጥኩት" አለ። "ምነው በቁምጣ ባዩኝ ኖሮ።"