የሴጋህ ጅማት

ሱዳቤን አባቷ በስሟ የሚጠራት በቀን አንዴ ብቻ ነበር፤ ታሩን፣ ባለ ረጅም አንገቱን የፋርስ ክራር፣ አንስታ ሴጋህ የሚባለውን ቅኝት ስትጫወትለት። ጠዋት ነርስ መስላው ያመሰግናታል፤ ማታ የጎረቤት ሴት መስላው ያፍራታል። የሴጋህ ቅኝት ሲጀመር ግን ኢስፋንዲያር፣ ስንቱን የቴህራን ልጅ ታር ያስተማረው ሰው፣ ከትራሱ ቀና ብሎ "ሱዲ፣ ክንድሽን ዘና አድርጊው" ይላታል። ማጠቡንም፣ ማጉረሱንም፣ ሌሊት መነሳቱንም የምትችለው ለዚህች ቃል ስትል ነበር።

ባሏ ኔጃት አባቷንም ይዘው በሚኖሩባት በኢስታንቡል የኡስኩዳር ሰፈር ልጅ፣ ታንቡር የሚባለው የቱርክ ባለ አውታር መሣሪያ ተጫዋች ነው። ሴጋህ ቱርኮቹም ፋርሶቹም ዘንድ አለ፤ ስሙ አንድ፣ ጣጣው ሁለት። ዋናዋን ድምፅ ቱርኮቹ ከፍ፣ ፋርሶቹ ዝቅ ያደርጓታል። ሽማግሌው ደህና ሳለ አማቹን "እናንተ ስትጫወቱት ጫማ የጠበበው ሰው ትመስላላችሁ" ይለው ነበር። "እናንተ ደግሞ ከእንቅልፉ ያልነቃ" ይላል ኔጃት። ይሳሳቁ ነበር።

በታር ላይ ድምፁን የሚወስነው አንገቱ ዙሪያ የሚታሰረው ጅማት ነው፤ ሲገፉት ይንሸራተታል። አንድ ቀን ሱዳቤ ገበያ ስትወጣ ኔጃት ደስ ይበላት ብሎ ታሩን አወረደ። አንገቱን በዘይት ወለወለ፣ የላሉትን ጅማቶች አጠበቀ። አንዷ ለቱርክ ጆሮው ቦታዋን የሳተች መሰለችውና በጥፍር ወርድ ገፋ አደረጋት። ደግ ሰው ነው፤ የደግ ሰው ጥፋት ደግሞ ለመቆጣት እንኳ አይመችም።

ከሰዓት በኋላ ሱዳቤ ተጫወተች። ዛሬስ እንዴት ያምራል፣ አለች በልቧ። አባቷ እስከ መጨረሻው አዳመጠና "እጅዎ ይባረክ፣ እመቤት" አላት።

ማታ ኔጃት ያደረገውን ነገራት። አልጮኸችም። ጅማቷ የት እንደነበረች ጠየቀችው፤ አያውቅም፤ ምልክቷንም ዘይቱ አጥፍቶታል። ሌላ ፋርስ እንጠይቅ አላት። ግን ቴህራን ውስጥ እንኳ ሁለት ሊቃውንት ጅማቱን አንድ ቦታ አያስሩም፤ የአባቷን ቦታ የሚያውቀው አባቷ ብቻ ነው።

ዓይኗን ጨፍና፣ እየመታች፣ ጅማቷን ታንሸራትት ጀመር። ልክ ነው ያለችው ቦታ ላይ አቆመች። ዓይኗን ስትገልጥ ኔጃት ያስቀመጠበት ነው። እንደገና ሞከረች፤ እዚያው። የአባቷን ድምፅ እስከ ትናንት የያዘችላት ጅማቷ እንጂ ጆሮዋ አልነበረም። ጆሮዋ በኢስታንቡል አዛንና በባሏ ታንቡር መሃል ሲኖር ከዳት፤ መክዳቱንም ሳታውቅ ኖረች። በራሷ አፈረች።

በማግስቱ ጅማቷን በግምት ዝቅ አድርጋ ተጫወተች፣ ደግሞ ትንሽ ከፍ አድርጋ። አባቷ ሁሉንም በትህትና ሰማ።

"የኔም ልጅ ይህን ትጫወታለች" አላት። "እንደ እርስዎ አይደለም፣ አይቀየሙኝ። ስትመጣ ይቀስቅሱኝ።"

"እሺ፣ እቀሰቅስዎታለሁ" አለችው ሱዳቤ፣ ብርድ ልብሱን እያለበሰችው።