ጤነኛ ናት

እማዬ ከቦንብ ይልቅ ሐኪም ትፈራለች። እውነቴን ነው! እዚህ ቤይሩት ለቤት ሠራተኝነት የመጡ ሴቶች ሁሉ እንደዚያው ናቸው። ስትመጪ ደምሽን ይመረምራሉ፤ እንከን ከተገኘብሽ ያላ፣ ወደ አገርሽ! እኔ እዚሁ ተወልጄ ሃያ ሁለት ዓመት ሞላኝ፤ ኦቲዝም እንዳለብኝ ግን ለማንም ትንፍሽ ብላ አታውቅም። እኔም ያወቅኩት ስልኬ ላይ አንብቤ ነው። ስነግራት «ሩሃማ፣ ዝም በይ!» ብላ ጮኸችብኝ።

ጦርነቱ ሲመጣ የእማዬ ማዳም ቤቷን ቆልፋ ሸሸች፤ እኛ ደጅ ቀረን። ከዚያ ወዲህ የምንተኛው የአገራችን ጴንጤዎች ለጸሎት በተከራዩት አዳራሽ ውስጥ ነው። በመጨረሻ ሰዎችን ወደ ሌላ አገር የሚያሻግር መሥሪያ ቤት ለቃለ መጠይቅ ጠራን። እዚያ አገር እንደ እኔ ላለ ሰው ድጎማ አለ፤ ትምህርት ቤቱም ቀስ ብሎ ያስተምራል። የሚያስፈልገኝን አስቤ ጨርሻለሁ፦ ጸጥ ያለ ክፍል፣ የሂሳብ አያያዝ ትምህርት፣ እና እማዬ። ያለ እማዬ ታክሲ እንኳ አልሳፈርም።

ጧት፣ አብራን የምትተኛው ተዋበች አሠለጠነችኝ።

«የምትጠይቅሽን ሠራተኛ አይን አይኗን እያየሽ መልሺ። እጅሽንም አታርገብግቢ።»

«አይን ማየት ያመኛል።»

«ቅንድቧን እዪያ፣ ኸላስ፣ በቃ!»

መሥሪያ ቤቱ ስንደርስ መብራቱ ጥዝዝ ይላል። ሊባኖሳዊቷ ሠራተኛ እማዬን በዓረብኛ «ልጅሽ የጤና ችግር አለባት?» ስትል ጠየቀቻት።

«ምንም! ጤነኛ ናት!»

ሴትዮዋ አየችኝ። እኔም ቅንድቧን አየሁ። ጎበዝ ነበርኩ፣ ያኒ፣ ማለቴ፣ ተዋበች ብታየኝ ትኮራ ነበር።

«እንግዲያውስ አዋቂ ስለሆነች ፋይሏ ለብቻው ይታያል» አለች። «አንቺ ቀድመሽ ትሄጃለሽ። የእሷ መቼ እንደሚደርስ አላውቅም።»

እማዬ ከጠረጴዛው ሥር እጄን ያዘችኝ። በአማርኛ «እንደዋሸን ካወቁ ሁለታችንንም ያባርሩናል» አለችኝ። እኔ ግን እሷ ሄዳ እኔ አዳራሹ ውስጥ ብቻዬን ስቀር ታየኝ። ፈራሁ። በጣም፣ በጣም ፈራሁ።

«ኦቲዝም አለብኝ» አልኩ በዓረብኛ። «መማር እችላለሁ። ብቻዬን መኖር ግን አልችልም። እባክሽ አትለያዩን።»

ሴትዮዋ ወደ እማዬ ዞረች። «እውነቷን ነው?»

እማዬ ዞራ በሩን አየች፤ አንድ ጥበቃ ቆሞበታል። ማዳሟ ስትቆጣት የምትስቀውን ሳቅ ሳቀች።

«ትቀልዳለች» አለች።

ሴትዮዋም ሳቀችና ለእኔ ሌላ ፋይል አወጣች።

እኔ በሕይወቴ ቀልጄ አላውቅም።