የፈታሹ ገንዳ

ሠላሳ አንድ ዓመት በዮርዳኖስ፣ በዓቀባ ወደብ ጉምሩክ የሰው ሻንጣ ስከፍት ኖሬአለሁ። በዱቄት ጆንያ ውስጥ ሲጋራ፣ በአሻንጉሊት ሆድ ውስጥ የእጅ ሰዓት አግኝቻለሁ። ጡረታ ስወጣ ባልደረቦቼ የግድግዳ ሰዓት ሸለሙኝ፤ የኋላ ክዳኑን ፈትቼ ሳላይ አልሰቀልኩትም። "ያልጠረጠረ ተመነጠረ" የሚባለው ለእኔ ተረት ሳይሆን እንጀራዬ ነበር።

የዓሣውን ነገር ያመጣብኝ ሰብሪ ነው። ሰብሪ የጡት ወንድሜ ነው። እናቱ በወሊድ ስትሞት የእኔ እናት አንዱን ጡት ለእኔ፣ ሌላውን ለእሱ ሰጥታ አሳደገችን። ዕድሜውን ሙሉ ወለሉ መስታወት በሆነ ጀልባ እንግዶችን እያሳፈረ የባሕሩን ሥር ሲያሳይ ኖረ፤ ሲያረጅ ባሕሩን ሳሎኑ ውስጥ አስገባው። አሥር ዓመት የሞላው የዓሣ ገንዳ አለው።

"ቤት ተቀምጠህ ሚስትህን ከምትፈትሽ ዓሣ አርባ" አለኝ አንድ ቀን።

"አላህ ይስጥህ ሰብሪ!" አለች ባለቤቴ ኡም ሩባ። "ትናንት የሽንኩርት ከረጢቴን ሲያገላብጥ ነው የዋለው።"

ከዓማን ትልቅ የመስታወት ገንዳ አስመጣሁ። ከሥሩ ቁም ሣጥን አለው፤ በቁም ሣጥኑ ውስጥ ደግሞ ውሃው ወርዶ የሚጣራበት ትንሽ ገንዳ አለ። ሰብሪ በየዓርቡ ከጁምዓ ሶላት በኋላ እየመጣ አብረን እንሠራለን። የተጣራ ውሃ ሞላን፣ ጨውን መዝነን አሟሟን፣ ነጭ አሸዋ አነጠፍን። ከዚያ እሱ "ነፍስ ያለው ድንጋይ" የሚለውን፣ ውሃ የሚያጠሩ ረቂቅ ፍጥረታት የሚኖሩበትን፣ ከራሱ ገንዳ አውጥቶ በእርጥብ ጋዜጣ ጠቅልሎ አመጣ። እኔ እያንዳንዱን አሽትቼ፣ ቀዳዳውን በባትሪ አይቼ ነው ያስገባሁት።

"ዓሣውስ?" አልኩት።

"ገና ነው። ውሃው ይብሰል። ስድስት ሳምንት።"

"ስድስት ሳምንት ሙሉ ባዶ ውሃ ላይ ላፍጥ? ጎረቤት ምን ይለኛል?"

"የሰው ዕቃ ጉምሩክ ስታቆይ ሰዉ ምን ይልህ ነበር? አንተም ቅመሳት።"

ቀመስኳት። ድንጋዩ መጀመሪያ ቡናማ ሆነ፣ ቀጥሎ አረንጓዴ፣ ከዚያ ጠራ። በሰባተኛው ዓርብ አምስት ቀንድ አውጣዎች፣ ሁለት ባለብዙ እግር ቀይ ሽሪምፖችና ወገባቸው ላይ ነጭ መቀነት ያላቸው ሁለት ቢጫ ዓሦች አስገባን። ሰብሪ ደግሞ አሥር ዓመት ካሳደገው ኮራል፣ ድንጋይ መስሎ ከሚያድገው የባሕር ፍጥረት፣ ጣት የሚያህል ቆርጦ አመጣና ድንጋዬ ላይ አጣበቀልኝ። በሦስተኛው ቀን ያ ቁራጭ እንደ ጥቃቅን አበባ ሲከፈት፣ እውነቱን ልናገር፣ እንባዬ መጣ። ሰው የደበቀውን ሳስከፍት ኖሬ፣ በገዛ ፈቃዱ የሚከፈት ነገር አይቼ አላውቅም ነበር።

ነገር የተበላሸው በሚቀጥለው ዓርብ ነው። ሰብሪ ገንዳው ፊት ቆሞ ውሃውን ከዳር እስከ ዳር አየ። "የእኔ ውሃ በአሥር ዓመት እንዲህ ጠርቶ አያውቅም" አለ በመጨረሻ። ከዓይን የሚጠብቀውን ማሻአላህ አላለም። ጠበቅኩት። ሻዩን ጠጣ፣ ጫማውን አደረገ፣ ወጣ። አላለም። በማግሥቱ አንዱ ቀንድ አውጣ በጀርባው ተዘርሮ፣ ሞቶ አገኘሁት።

ስደውልለት፣ "በጀርባው ከወደቀ መነሣት አይሆንለትም፤ ያጋጥማል" አለኝ።

ያጋጥማል! ያልያዝኩት ኮንትሮባንዲስት የለም፤ ሁሉም "ያጋጥማል" ነው የሚለው።

የሰው ዓይን ክፉ ነው። ለኡም ሩባ ሳልነግራት የእናቴን የድንጋጤ ጽዋ ከሣጥን አወጣሁ። ውስጧ ዙሪያውን ቁርኣን የተቀረጸባት የነሐስ ጽዋ ናት፤ ደንግጦ የታመመ ሰው ውሃ ይጠጣባታል። ልጆች ሆነን እኔና ሰብሪ ከወደቡ ግንብ ላይ ወድቀን፣ ልንሰጥም ስንል ያወጡን ጊዜ፣ እናቴ ሦስት ቀን በዚችው ጽዋ አጠጥታናለች። ገንዳዬንም ትጠብቅልኝ ብዬ ከታች በሚጣራው ውሃ ውስጥ አስቀመጥኳት። ቁም ሣጥኑን ስዘጋ ልቤ አረፈ።

ሰብሪ ዓርብ መጣ፤ ቅዳሜ አንዱ ሽሪምፕ ሞተ። ሰብሪ በቀጣዩ ዓርብ መጣ፤ እሑድ ሌላውም ተከተለ። ቀንድ አውጣዎቹ ተራ በተራ ከመስታወቱ ረገፉ። ኮራሉ አበባውን ሰብስቦ ዘጋ፤ በሳምንቱ ሥጋው ተልጦ ነጭ አጥንቱ ወጣ። ዓሦቹ ግን ምንም አልሆኑም፣ ምግብ እየለመኑ ይዋኛሉ።

ይሄኔ ነው የድሮው ፈታሽ የነቃው። ዓይን ቢሆን ዓሦቹንስ ለምን ይተዋል? ይህ የሚመርጥ ነገር ነው፤ የሚመርጥ ነገር ደግሞ ሰው አለበት። ሰብሪ በመጣ ቁጥር እጅጌውን ሰብስቦ ክንዱን እስከ ክርኑ ውሃው ውስጥ እንደሚከት አስታወስኩ። ያ ውሃ ከእሱ ውሃ ይበልጥ መጥራቱንም በራሱ አፍ ተናግሯል።

"ሰብሪ?" አለች ኡም ሩባ ስነግራት። "የራሱን ኮራል ቆርጦ የሰጠህ ሰው?"

"እንዲሞትብኝ ቢሆንስ የሰጠኝ?"

"በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል አሉ። አንተ ሰውዬ፣ ገንዳውን ተውና ራስህን አስመርምር።"

ዓርብ ሰብሪ ሲመጣ በሩ ላይ ቆምኩ።

"ኪስህን አራግፍ" አልኩት።

ሳቀ። ፊቴን ሲያይ ሳቁን ዋጠ። መቁጠሪያውን፣ መሐረቡን፣ ቁልፉን አንድ በአንድ አወጣ። በመጨረሻ አንዲት ትንሽ ጠርሙስ ወጣች።

"ያዝኩህ! ይሄስ?"

"መመርመሪያ ነው። ምን እየገደለብህ እንደሆነ ለማወቅ ገዝቼልህ ነው።" አልፎኝ ገባ፤ ከገንዳው ጥቂት ውሃ ቀድቶ ጠብታ ጨመረበት። ውሃው ቀለም ያዘ። ሰብሪ ፊቱ ጠቆረ። "መዳብ ነው። ዓሣ መዳብን ይችለዋል፤ ሽሪምፕና ቀንድ አውጣ፣ ኮራልም ጭምር፣ በትንሹ ያልቃሉ። አቡ ሩባ፣ እዚህ ውሃ ውስጥ የገባ ነገር አለ።"

"መርዙን በስሙ ታውቀዋለህ! ካንተ በቀር እዚህ ውሃ ውስጥ እጁን የሚከት ማነው?"

"ወንድሜ፣ ምን እያልክ ነው?"

"እናቴ ጡቷን ለእባብ ሰጥታለች እያልኩ ነው!"

ኡም ሩባ "ያ አላህ!" ብላ አፏን ያዘች። ሰብሪ መሐረቡን አጣጥፎ ኪሱ ከተተ፣ ቁልፉን አነሣ፣ ሄደ። ጠርሙሷን ትቷት ሄደ።

"ቆይ፣ መረጃውን ላሳይሽ" አልኳት ሚስቴን። "የሆነ ቦታ ሽቦ ወይም ሳንቲም ጥሎ ይሆናል።" አሸዋውን በእጄ ዳሰስኩ፣ ድንጋዩን አነሣሁ። ምንም የለም። ቁም ሣጥኑን ከፈትኩ፣ የታችኛው ውሃ ውስጥ እጄን ሰደድኩ፣ ብረት ነካሁ። "ይኸው!" ብዬ ጮኼ አወጣሁት።

ጽዋዋ ነበረች። ጨዋማው ውሃ ጠርዟን በልቷት አረንጓዴ ዝገት ለብሳለች።

"የእናትህ አይደለችም እንዴ?" አለች ኡም ሩባ ቀስ ብላ። "ነሐስ ሲባል ምን ይመስልሃል? መዳብ እኮ ነው ያለበት።"

እዚያው መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። ኮራሉ አልነበረም ያሳዘነኝ። ስልሳ ሁለት ዓመት አብሮኝ የኖረውን ሰው በገዛ ቤቴ በር ላይ እንደ ሌባ አራግፌው ነበር።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ለዓስር ሶላት ሲጠራ፣ የሰብሪን በር አንኳኳሁ። ከፍቶ ሲያየኝ ሁለት እጆቹን ወደ ላይ አነሣ።

"ፈትሽ" አለኝ።

ጽዋዋን ዘረጋሁለት። "ከታች ውሃው ውስጥ ነበረች። እኔ ነኝ የከተትኳት። ካንተ ዓይን ትጠብቅልኝ ብዬ።"

እጆቹን ቀስ ብሎ አወረደ። ጽዋዋን ተቀብሎ አገላበጣት፤ አውራ ጣቱ ጎኗ ላይ ያለውን ስርጉድ ሳይፈልግ አገኘው። "ይህን እኔ ነኝ ጥዬ ያሰረጎድኩት" አለ። "እናታችን ግን አልመታችኝም።"

ይህን ብሎ ወደ ውስጥ ገባ። እኔ ደጃፉ ላይ ቀረሁ፤ ይግባ ይውጣ ያልተባለ ሻንጣ ሆኜ። ከውስጥ የቧንቧ ድምፅና የመፈግፈግ ድምፅ ይሰማኛል። ሲመለስ ጽዋዋ በሎሚ ተፈግፍጋ አብርታለች፣ ውሃ ሞልቷታል።

"ጠጣ" አለኝ። "ከሁለታችን የደነገጥከው አንተ ነህ።"

ተቀበልኳት። አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ከመጠጣቴ በፊት አጎንብሼ ውሃውን አየሁት። ልማድ ነው። ቀና ስል ሰብሪ ያየኛል።

ጽዋዋን ከእጄ ወሰደ፣ ግማሹን ጠጣ፣ መልሶ ሰጠኝ።

ዓይኔን ጨፍኜ ጠጣሁ።